ለሁሉም የሚነሡት ሰው

ደባርቅ፣ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሰው በገባ ቁጥር «ኖር!» እያሉ ይነሣሉ። ለቄሱ ተነሡ። ለጽዳት ሠራተኛዋም ተነሡ።

«በእግዜር! ኧረ ለእኔ አይነሡ፣ አባቴ» አለች አፍራ።

የካኪ ኮታቸው ትከሻ ላይ የፓርክ ጥበቃ ምልክት የተነቀለበት ቦታ ይታያል። እንደነገሩኝ ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ በሚባል ቦታ ከገደል ወድቀው ወገባቸው ተሰብሮ ነበር።

ሐኪሙ ራጁን ይዞ ወጣ። «አጥንትዎ ከዳነ ቆይቷል። ቁጭ ብለው ይረፉ።»

«አጥንቱስ ድኗል፣ ልጄ። ያልሰማው ጭንቅላቴ ነው። እኔ ስቀመጥ ሕመሙ ይነሣል።»

«ቀልደኛ ነዎት» ብሎ ገባ።

ማስታገሻቸው እስኪመጣ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም። ማንም ሳይገባ ቆየ። በመጨረሻ ነፋስ በሩን ከፈተው።

«ኖር!» ብለው ተነሡ።

«በእግዜር» አልኩ፣ በነፋሱ ፈንታ።