የሁለተኛው ሪል ባለቤት

ባለፈው ሳምንት ሳቫና በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የልጄን ብስክሌት ሰንሰለት ልቀባ የግራሶ ቆርቆሮ ከፈትኩ። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ እጄ ባለበት ቀረ። ልጄ “ማም፣ አር ዩ ኦኬ?” አለችኝ። “ኦኬ ነኝ” አልኳት። ለሌላው ሰው ግራሶ ግራሶ ነው የሚሸተው። ለእኔ ግን አባቴን የጠረጠርኩበት ዓመት ይሸተኛል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ምድር ቤት፣ ቤዝመንት፣ ያላት ትንሽ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። አባዬ ኤርፖርት ካርጎ ይጭናል፤ እማዬ የሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራለች። አባዬ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር። እማዬም የምጽዋ ልጅ ናት፤ የተዋወቁትም እዚያ ነው። ስለ ባሕር ግን ቤታችን ውስጥ አይወራም። ቴሌቪዥን ላይ መርከብ ከታየ እማዬ ምንም ሳትናገር ቻናሉን ትቀይራለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ ልጅ የቤቱን ዝምታ እንደ ቤቱ ዕቃ ነው የሚያየው።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አባዬ በማለዳ ይወጣና ለእራት ይመለሳል። “ኦቨርታይም አለብኝ” ይላል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ቤዝመንት ይወርድና የልብስ ማጠቢያውን ክፍል በር ይዘጋል። ከላይ ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ የውሃ ድምፅ ይመጣል፤ ቀጭን፣ የተቆጠበ። ከዚያ ብሩሽ። ከዚያ ረጅም ጸጥታ፣ በመጨረሻም አንድ ነገር ሲሽከረከር ትክትክትክ ይላል።

“ኦቨርታይም የሠራ ሰው ፊቱ እንዲህ ይበራል?” አለችኝ እማዬ አንድ ቀን፣ ሳህን እያጠበች። እኔን የጠየቀችኝ አልመሰለኝም።

አንዴ እሱኑ ጠየቀችው። “እታች ምንድን ነው የምታጥበው?”

“የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነው። ከሥራ ልጆች ጋር አንዳንዴ ቦው ሪቨር ጎራ እንላለን።”

“ዓሣውስ?”

“እንለቀዋለን።”

እማዬ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። ደግሞ ጥርጣሬ ለሰው ሥራ ይሰጠዋል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ ጉዳይ ያለኝ መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ አባዬ ገብቶ ሻወር ውስጥ ሳለ ቦርሳውን ከፈትኩ። በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት ሪሎች አገኘሁ፤ ሪል ማለት ማጥመጃው ዘንግ ላይ የሚታሰረው፣ ክሩን የሚጠቀልለው ማሽን ነው። ሁለቱም መጋጠሚያቸው ላይ ነጭ ነገር ደርቆባቸዋል። በጣቴ ፈቅፍቄ ቀመስኩት። ጨው ነው። የቦው ወንዝ ውሃ ከተራራ በረዶ የሚወርድ ነው፤ ጨው ከየት ያመጣል?

ከጨው ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ሁለት መሆናቸው ነው። የአንዱ እጀታ ባዶ ብረት ነው። የሌላው በለስላሳ ስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ ቴፕ በጥንቃቄ ታስሮበታል። እጅ እንዳይጎዳ። የማን እጅ? ወዲያው ፈረድኩ። የሴት ነው።

በማግስቱ የማጠቢያው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየሁት። ከትንሿ የቤዝመንት መስኮት የገባው ብርሃን እጆቹ ላይ አርፏል። መጀመሪያ ውሃ እንዳይገባ የሪሉን ፍሬን አጠበቀ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በኩባያ ቀስ አድርጎ አፈሰሰበት፤ በለስላሳ ብሩሽም አሸው። በፎጣ አደረቀ፤ ስንጥቁን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጠራረገ። ከፍቶም ኩሽኔታው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ጥርሶቹ ላይ ስስ ግራሶ ቀባ። መልሶ ገጠመውና ፍሬኑን አላላው። የራሱን ቶሎ ጨረሰ። ባለ ስፖንጁ ላይ ግን ቆየበት፤ አዞረው፣ ጆሮው ላይ ደቅኖ ሰማው፣ እንደገና ከፈተው። እማዬን እንዲህ ተጠንቅቆ ሲነካት አይቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ። 

ሰኞ ጃኬቱን ፈተሽኩ። የሚሠራበት አየር መንገድ ለሠራተኞቹ በሚሰጠው ስታንድባይ፣ ባዶ ወንበር ሲገኝ በሚሳፈሩበት ዕድል፣ የበረረበት የትኬት ቁራጭ ኪሱ ውስጥ ነበር። ባሕር ዳር ያለችው ቫንኩቨር፤ ጠዋት መሄጃ፣ ማታ መመለሻ። ለእማዬ ሰጠኋት። አላመነታሁም፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝ ኩራቱ ነው።

እማዬ ቁራጩን አየችው፣ አጠፈችው፣ ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ሳምንት ያህል ጠበቀች። አባዬ እንደገና ሄዶ በተመለሰ ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቤዝመንት ወረደች። እኔም ተከተልኳት። ባለ ስፖንጁን ሪል ከእጁ ነጠቀችው።

“ማናት?”

“ማን?”

“የዚህ ባለቤት። ቫንኩቨር ያለችው።”

አባዬ ውሃውን ዘጋ። እጁን በፎጣ ሲጠርግ ብዙ ቆየ። ከዚያ “ሴት አይደለችም” አለ። “ወንድምሽ ነው።”

ወንድም እንዳላት አላውቅም ነበር። እማዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ታሪኩን አባዬ የነገረኝ በኋላ ነው። አጎቴ ታናሿ ነው፤ አዝላ ያሳደገችው። እሱም የባሕር ኃይል ነበር። ይህ ሁሉ እኔ ሳልወለድ ነው፤ ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ እማዬና አባዬ ቀድመው ወጥተዋል፤ አያቴን በጀልባ ሊያወጣ ለእማዬ ቃል የገባላት እሱ ነው። ነገ ተመልሼ እወስዳታለሁ ብሎ ወጣ። መመለስ አልተቻለም። አያቴ በዚያው ዓመት እዚያው ሞተች። ከዚያ ወዲህ እማዬ ስሙን ጠርታ አታውቅም።

“ካገኘኸው ስንት ጊዜህ ነው?” አለችው እማዬ።

“ሁለት ዓመት። ባሕር ኃይል አብሮን የነበረ ሰው ነው ያገናኘኝ። እንዳትነግራት ብሎ ያስማለኝ ወንድምሽ ራሱ ነው።”

“አንተም እሺ አልከው።”

“ምን ላድርግ? እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞቹ በሽታው አይድንም ብለውታል። ቀጭን ነገር መጨበጥ ስለማይችል ነው ስፖንጁን ያሰርኩለት። በየሁለት ሳምንቱ አብሬው አጠምዳለሁ፤ እሱ መፍታትና ማጠብ ስለማይችል ይዤለት እመጣለሁ። ከነጨው ካደረ ይዝጋል።”

እማዬ ሪሉን ማጠቢያው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ቀናት አለፉ፤ አላነጋገረችውም። እኔንም። የሪሉ ባለቤት ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ እማዬ ቢያንስ ማንን እንደምትጠላ ታውቅ ነበር።

ከዚያ በሌላ እሑድ፣ አባዬ ከታች ውሃውን ሲከፍት፣ እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ ወረደች። “እንዴት ነው የሚታጠበው?” ስትለው ሰማሁ። አባዬም “ውሃውን አታበርቺው፤ ጨውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው” አላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ ሌላ ነገር አላወሩም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አባዬ ከቫንኩቨር ሲመለስ እማዬ በሩ ላይ ጠበቀችው። ሳትጠይቀው እሱ ራሱ ተናገረ። “ግራሶው በዝቶበታል፣ ይሄ ያንተ እጅ አይደለም አለኝ።”

“አንተስ ምን አልክ?”

“ዝም አልኩ። ገባው። ቀኑን ሙሉ አንድም ዓሣ አልያዘም።”

በጸደይ ወቅት ሦስታችንም ሄድን። አጎቴ ወደ ባሕሩ በሚገባው የእንጨት መተላለፊያ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ካሰብኩት በላይ ቀጭን ነበር። ሲያያት ሊነሳ ሞከረ፤ እጁ መላ ሰውነቱን ይዞት የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። እማዬ ቆማ አየችው። የምትጮህበት መስሎኝ ነበር።

“ምን ሆኖ ነው እጅህ?” አለችው።

“ዕድሜ ነው፣ እቴቴ።”

“የምን ዕድሜ? እኔ መቼ አረጀሁና ነው አንተ የምታረጀው?” ብላ ሁለት እጁን በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ እስኪረጋ ድረስ አልለቀቀችውም። አጎቴ “እኔ እኮ ልመለስ ነበር” ማለት ጀመረ። “ቆይ” አለችው። “አሁን አይደለም። ተቀመጥ።”

አጎቴ ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆየው ሁለት ክረምት ብቻ ነው። ያን የጀመሩትን ወሬ ይጨርሱት አይጨርሱት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እማዬን ልጠይቃት እየፈለግኩ ሳልጠይቃት አለፈች።

አባዬን ግን በደንብ አስታውሰዋለሁ። በዚያን ቀን እነሱ ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ ቦታውን ለሁለቱ ትቶ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ በመተላለፊያው ላይ ብቻውን ራቅ ብሎ ሄደ፤ ንፋሱ ጃኬቱን ከኋላ ይነፋዋል። የት ትሄዳለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።