ጋሼ ለማን ያስረዘመው ክራባት

ልጅ እያለሁ፣ ገና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ እንኳ ሳይኖረኝ፣ አሰላ ውስጥ ክራባት በመምረጥ የሚስተካከለኝ አልነበረም። አታምኑኝም፤ አውቃለሁ። ሚስቴም አታምነኝም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ለማ፣ በላይነሽ የምትባል የበቆጂ ልጅ ሊያገባ ነው። ሰውየው አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ የገባ ነበር። የልጅቱ አባት ሽማግሌ ሲላክባቸው፣ «ጨዋ ነው ብላችኋል፣ እሺ። ግን ከአጥር በላይ ይታያል?» ማለታቸውን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። እሺ ያሉትም እያጉረመረሙ ነው። ስለዚህ በሰርጉ ጠዋት የጋሼ ለማ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፦ አማቱ ፊት ረዘም ብሎ መታየት።

ግራጫ ሱፉ ከልብስ ሰፊው ቤት የመጣው ገና ሳይበርድ ነው፤ የከሰል ካውያው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ክራባት ግን ከየት ይምጣ? ጎረቤታችን መምህሩ አዲስ አበባ ሲሄድ ሦስቱን አውሶት ነበር። ያን ጊዜ ክራባት እንደታሰረ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፣ በጭንቅላት ይጠለቃል። ቋጠሮውን የሚፈታ ደፋር የለም፤ ማን መልሶ ሊያስረው!

መጀመሪያ ቀጭኑን ጥቁር አጠለቀ። «ጋሼ፣ በሲባጎ የታሰረ የገብስ ጆንያ መሰልክ!» አልኩት። እናቴ ኩርኩም አቀመሰችኝ። ባለ ትልልቅ አበባውን ሰፊ ክራባት ሲያደርግ ደግሞ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ መሰለ። ሦስተኛው አበባም መስመርም የለበትም፤ ከሱፉ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ ወርዱም መካከለኛ ነው። ዓይን ከአገጩ ተነስቶ ምንም ሳያደናቅፈው ቁልቁል ይወርዳል። ሰውየው ተመዘዘ! «ይሄ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ለሁለተኛ ኩርኩም ያነሳችውን እጅ መለሰችና «እውነቱን እኮ ነው» አለች።

ችግሩ መምህሩ ረጅም ነው። ክራባቱ የጋሼ ለማን ቀበቶ አልፎ ወርዷል። ቋጠሮውን ፈታሁት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ! እኔ የማውቀው ቋጠሮ የአባቴን ፈረስ የማስርበትን ብቻ ነው፤ በእሱ አሰርኩት። ጫፉ ልክ ቀበቶው ላይ አረፈ። ቋጠሮው ግን ቡጢ አክሎ አገጩን ወደ ላይ ደግፎ ያዘው።

በቆጂ ስንደርስ ጋሼ ለማ ሰማይ ሰማይ እያየ ገባ። «ይሄ ልጅ አድጓል እንዴ?» አለች አንዷ የሙሽራዋ አክስት። ከዚያ የአማት ጉልበት መሳም መጣ። ሙሽራ ጎንበስ ይላል፤ የእኛው አገጩ አልወርድ አለው። አማቱ ፊታቸው ጠቆረና «ንቆን ነው?» አሉ።

በዚህ ጊዜ ጋሼ ለማ ሁለት ጉልበቱን ጉዝጓዙ ላይ ጥሎ፣ ቀጥ እንዳለ ተንበረከከ። የአማቱን እግር በሁለት እጁ አቀፈ። «አባቴ፣ ይባርኩኝ» አለ፤ ድምፁ ታፍኖ፣ እንባው ዱብ ዱብ እያለ።

«ኧረ ተው ልጄ፣ ተነስ!» አሉ ሽማግሌው፤ የራሳቸውም ዓይን እርጥብ ብሎ። ራሳቸው አነሱት። ስለ ቁመቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

ዛሬ ሱቁ ሁሉ ክራባት ነው። ልጆቼ ሲገዙ ጠጋ ብዬ «ይሄኛው ደረትህን...» ስል «አባዬ፣ ተው እንጂ!» ይሉኛል። ለብቻቸው መስታወት ፊት ቆመው ይመርጣሉ። ያን ጊዜ አንድ ሙሽራ ለማልበስ ሰፈር ሙሉ ይጯጯህ ነበር፤ ያ ጫጫታ ይናፍቀኛል።

ካላመናችሁኝ አሰላ ሂዱና እትዬ በላይነሽን ጠይቋት። ጋሼ ለማንም ጠይቁት። «ያለቀስኩት ከልቤ ነው እንጂ ክራባቱ አንቆኝ አይደለም» ብሎ ይሟገታችኋል። እሱን እመኑት። ማን እንደመረጠለት ግን ሳትጠይቁት እንዳትመለሱ።