በማግኔት የለጠፍኳቸው ወረቀቶች

ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ውስጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ከኖርኩበት ቤት አስወጡኝ። መዝገቤ ላይ «ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ተነግሮት የናቀ ተከራይ» ብለው ጻፉ። አልናቅኩም። ማንበብ አልችልም ነበር።

ያቺ አንድ መስመር እስከ ጄኔቫ ተከተለችኝ። እዚህ ስዊዘርላንድ ቤት ስትጠይቅ የድሮ አከራይህ ስለ አንተ ምን እንደሚል ይጠየቃል። የእኔ አከራይ ያንን ነው የሚለው። በዚህ የተነሳ «ለዛቫንሼ» በሚባል የጄኔቫ ሰፈር፣ በአንድ የአገሬ ልጅ ሳሎን ጥግ፣ መጋረጃ ጋርጄ አሥራ አንድ ዓመት ተኛሁ።

አዲስ አበባ ወያላ ነበርኩ። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ ጉሮሮዬ ይሰነጠቃል እንጂ ታፔላው ላይ ምን እንደተጻፈ አላውቅም። ዙሪክ ስገባ ለአበሾቹ «ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ» ብዬ ዋሸሁ። አንዴ ከዋሸህ ደግሞ ደብዳቤ ይዘህ «አንብብልኝ» የምትለው ሰው አይኖርም። ጀርመንኛውን ሆቴል ውስጥ ዕቃ ሳጥብ በጆሮዬ ለቀምኩት። ከጽሑፍ የምለየው ስሜን ብቻ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣ የፈረንጅ ልጅ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች። ማንበብ እንደማልችል የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። አልሳቀችም። «እኔ እችላለሁ» አለችኝ፣ አለቀ።

ምድር ቤት ያለው ልብስ ማጠቢያ የሕንፃው ሰው ሁሉ በተራ የሚጠቀምበት ነው። የእኔ ቀን ማክሰኞ ነበር። አንድ ማክሰኞ በሩ ላይ ስሜ ያለበት ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁና ወደ ልጅቷ ወሰድኩት። ብዙ አየችው።

«ምን ይላል?»

«ክፍሉን በደንብ ስለምታጸዳ አመሰግንሃለሁ ይላል።»

«ማነው የጻፈው?»

«እማዬ።»

ወጥቼ የእናቷን በር አንኳኳሁ። «ስለ ወረቀቱ በጣም አመሰግናለሁ፣ ደስ ብሎኛል» አልኳት። ፊቷ ቲማቲም መስሎ በሩን ዘጋችው። አፍራ ነው አልኩ። ሌላ ወረቀት መጣ፣ ሄጄ አመሰገንኩ። ሦስተኛ መጣ፣ አሁንም አመሰገንኩ። ሁሉንም ፍሪጄ ላይ በማግኔት ለጠፍኳቸው። አንድም ቀን በአፏ አልተናገረችኝም። እዚያ ቤት ጎረቤት የሚጣላው በወረቀት ነው።

ቀጥሎ ከአከራዩ ድርጅት ፖስተኛ የሚያስፈርምባቸው ደብዳቤዎች መምጣት ጀመሩ። ለመጀመሪያው ልጅቷ «አዲስ ማሽን ሊገዙ ነው» አለችኝ። ለሁለተኛው «ጎበዝ ተከራይ ነህ» አለች። ሦስተኛው በታኅሣሥ ደረሰ።

«እንኳን ለገና አደረሰህ ይላል።»

«ለእንኳን አደረሰህ ያስፈርማሉ?»

«በጣም ስለሚያከብሩህ ነው።»

በመጋቢት አስወጡኝ። የአከራዩ ቢሮ ሄጄ «ማን ነገረኝ?» ብዬ ጮህኩ። ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ወጣት «ፈርመህ ነው የተቀበልከው» አለኝ። «ጭራሽ በየጊዜው የሴትዮዋ በር እየሄድክ አሹፈህባታል።» ምን እንደሚል አልገባኝም። ማንበብ አልችልም እንዳልል ደግሞ ኩራቴ ያዘኝ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ ለማንም አልሰጠውም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው። ፓኪ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ ጡረታ የወጡ ጋሼ ቅዳሜ ከሰዓት ያስተምሩ ነበር።

«በሃምሳ ዓመትህ ሀ ልትል?» አሉኝ።

«በስልሳዬ እንዳልል ነው፣ ጋሼ።»

አማርኛውን ካስጨበጡኝ በኋላ ፈረንሳይኛ ትምህርት አስገቡኝ፤ የላቲኑን ፊደል እዚያ ለየሁ። ከዚያ ራሳቸው ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ መልሰው ደብተር ላይ የጻፉትን ልብ ወለድ ሰጡኝ። ጀልባ ቀዛፊ የሆነ አንድ ጥቁር ሰው ጀልባ አቃጥለሃል ተብሎ ይታሰራል። አንዲት ነጭ ሕፃን እውነቱን ታውቃለች፤ ማንም እንዳይከፋው ብላ ዝም ትላለች። አድጋ ትጸጸታለች። ጨርሼ መለስኩላቸው።

«ከገጸ ባሕርያቱ ማንን ወደድክ?»

«ማንንም።»

«ሕፃኗንስ? ያቺን ንጹሕ ነፍስ?»

«ንጹሕ ነፍሷ ሰውዬውን አሳሰረችው እኮ! እሱ ሙሉውን መጽሐፍ አሥራ አንድ ጊዜ ነው የተናገረው፤ ቆጥሬዋለሁ። አራቱ ‹እሺ ጌታዬ› ነው። እሷ ግን ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ታለቅሳለች።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልብ ወለድ ነው።»

«ልብ ወለድ ውስጥም ይናገር ቢባል ምን ነበረበት?»

እየተናደድኩ ቤት ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ የፍሪጁ ወረቀቶችና የአከራዩ ደብዳቤዎች በፌስታል ተጠቅልለው ነበሩ። ደግ ቃል ናቸው ብዬ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ፊደሉን አሁን አውቃለሁ፣ ጀርመንኛው ጆሮዬ ውስጥ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

የመጀመሪያው፦ «ክፍሉን አቆሽሸህ ስለምትሄድ የአንተ ቀን ወደ ዓርብ ተዛውሯል።» ሁለተኛው፦ «ማክሰኞ የእኛ ቀን ነው፤ ደንብ አታውቅም?» ሦስተኛው፦ «እንደ አንተ ያለ ሰው ባጠበበት ማሽን የልጄን ልብስ አላጥብም። ወደመጣህበት ጫካ ተመለስ።»

ይህን ነው በየጠዋቱ ወተት ሳወጣ ፈገግ ያልኩለት። የአከራዩ ደብዳቤዎች የሴትዮዋን ክስ ደግመው በአሥር ቀን መልስ ስጥ ይላሉ፤ የታኅሣሡ በመጋቢት ቤቱን ልቀቅ ይላል።

ሦስት ቀን ልጅቷን ረገምኩ። ከዚያ የስምንት ዓመት ልጅ መርገም ሰለቸኝ። በድሮው አድራሻ፣ በስሟ፣ በጀርመንኛ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ደወለች። ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ተገናኘን፤ ሃያ ዓመቷ ነው።

«እንዳይከፋህ ብዬ ነበር» አለች። «እማዬም ክፉ እንድትመስልህ አልፈለግኩም።»

«ተሳክቶልሻል። እስካሁን ደግ ሴት ናት እያልኩ ኖሬያለሁ።»

ማልቀስ ጀመረች።

«አታልቅሺ። ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ?»

«ወረቀቶቹን ያነበብኩለት እኔ ነኝ፣ የተጻፈውን ለውጬ ነው የነገርኩት ብለሽ ለአከራዩ ጻፊ። የእናትሽንም ወረቀት ቅጂ አብረሽ ላኪ።»

«የእማዬን ስም?»

«የእኔ ስም አሥራ አንድ ዓመት መዝገባቸው ላይ ተቀምጧል።»

«ይህን ካደረግኩ ቤት አታስገባኝም።»

«እኔንም አላስገቡኝም።»

ይዤ የመጣሁትን ቅጂዎች ወስዳ ሄደች። አትጽፍም ብዬ ነበር። ጻፈች። እናቷም እንዳለችው አደረገች፤ ልጅቷ ጓደኛዋ ዘንድ ገባች። ሰምቼ አዘንኩ፤ ጻፊ በማለቴ ግን አልተጸጸትኩም።

የአከራዩ መልስ ሁለት አረፍተ ነገር ነበር። ማስታወሻው ከመዝገቤ ተሰርዟል፤ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር። ይቅርታ የሚል ቃል የለውም፤ ገልብጬም ፈለግኩ። ማንም ሳያነብልኝ ራሴ ያነበብኩት፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን በእኛ ሲቆጠር ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።