ቴፑና የማለዳው ጸሎት

ካሰች ከቢቸና ልጅነቷ ከጆሮዋ ያልጠፋ ድምፅ ቢኖር የአባቷ የማለዳ ጸሎት ነው። ቄስ ሣህለ ማርያም ገና ጎሕ ሲቀድ በቃላቸው ይደግማሉ። እሷ መካከል ገብታ አንድ ነገር የጠየቀች እንደሆነ፣ ካቋረጡበት መቀጠል አይሆንላቸውምና፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም አዲስ አበባ ሄዳ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ተቀጠረች። የኮምፒዩተሩ መረጃ የሚቀዳበት ቴፕ የተፈለገው ቦታ እስኪደርስ ሽርር እያለ ሲጠቀለል በሰማች ቀን ሳቋ አመለጣት። "ምነው?" ባልደረቦቿ ቢሏት፣ "አባቴን መሰለኝ" አለች።

አባቷ ሲያረጁ ቀረብ ልበላቸው ብላ ሞጣ አስተማሪ ሆነች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ስምንተኛ ክፍልን ነበር። አንድ ቀን ኮምፒዩተር መረጃ የሚያስቀምጥባቸውን ነገሮች ለልጆቹ እንዲህ ስትል አስረዳቻቸው፦ ኮር የሚባሉት፣ በሽቦ ላይ እንደ ጨሌ የተሰኩ ጥቃቅን ቀለበቶች፣ የተጠየቁትን በሰኮንድ ሚሊዮንኛ ይሰጣሉ፤ የሚይዙት ግን ጥቂት ነው። ዲስኩ እንደ ዘፈን ሸክላ ይዞራል፤ መርፌ የተወደደው ዘፈን ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ እዚያም ዓይን እስኪርገበገብ ይደረሳል። ቴፑ ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን ተጠቅልሎ እስኪደርስ ደቂቃዎች ያስጠብቃል።

"ጸሎት በቃላቸው እንደሚደግሙት አባቶች ማለት ነው" አለች።

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ አቶ ታዘበው ቢሯቸው አስጠሯት። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አባል መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ነገሩን ከልጆቹ ሰምተው መጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"አባቶችን ከማሽን ጥቅል ጋር!" አሉ መሪጌታ። "ፈዛዞች ናቸው ማለትሽ ነው?"

"ልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠይቂ" አሉ ዳይሬክተሩ። "አለዚያ ክፍሉን ለሌላው አስተማሪ ለአቶ ፋንታ እሰጣለሁ።"

"ዋሽቼ እንደሆነ እጠይቃለሁ። የኔታ፣ የማለዳው ጸሎት ሰባተኛው ስንኝ ምን ይላል?"

"ይኼ ደግሞ ጥያቄ ሆኖ ነው!" አሉ መሪጌታ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ከመጀመሪያው ተነሥተው ነበር። ሁለቱ ጠበቋቸው። ሲደርሱበት ስንኙን ጮክ ብለው ተናገሩና፣ "ዘገየሁ እንጂ አልጠፋኝም!" አሉ።

"እኔስ ሌላ ምን አልኩ፣ የኔታ? አባቴም እንዲሁ ናቸው፤ እኔም እንዲሁ ነኝ። መዘግየት ነውር ነው ያለ ማነው?"

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ሳቃቸውን አፈኑ። ዳይሬክተሩ ግን "ይቅርታውስ?" አሉ።

"አልጠይቅም! ልጆቹን ለአቶ ፋንታ የሚሰጡ ከሆነ፣ እሱው ራሱ መጥቶ ከሰሌዳው ፊት ያስነሣኝ።"

ደወሉ ተመታ። ጠመኔዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወደ ስምንተኛ ክፍል ወጣች።