አዳዳ፣ ሦስት ቴፕና አንድ የተዘጋ በር

አዳዳ እንቅርቷን የምትወደው ይመስለኝ ነበር። አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ በእኛ በወለጋ የአባት እህት እንዲያ ነው የምትጠራው። እንቅርቷ ስትቆጣ አብሯት ይቆጣል፣ ስትስቅ አብሯት ይስቃል። ነቀምቴ ውስጥ እንቅርት ብርቅ ስላልነበረ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ችግሩ የእሷ ወደ ውስጥም ማደግ መጀመሩ ነው። ጋደም ስትል ጉሮሮዋ ያፏጫል፤ ዳገት ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ትንፋሽ ትለምናለች። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አንድ ቀን ታፍና እንደምትቀር ነገራት። "ድምፄስ?" አለችው። ሰውየው ሐቀኛ ሆነና "ሊጎዳ ይችላል" አላት። ምናለ ቢዋሽ!

ድምፅዋን ላልሰማ ሰው ምን ብዬ ላስረዳ? ደርግ ጸሎት ቤታችንን እስኪያሽገው ድረስ መዘምራኑን የምትመራው እሷ ነበረች። ሰባኪው እሷን ለመስማት ሲል ስብከቱን ያሳጥር ነበር ይባላል፤ እኔ በበኩሌ ስብከቱ ያጠረበትን ቀን አላስታውስም። ዱባ እየላጠች በኦሮምኛ ያወጣችው አንድ የራሷ መዝሙር ነበራት። የመጨረሻውን አንጓ የጨመረችበት ጸሎት ቤቱ ከታሸገ በኋላ ስለሆነ ከእኛ ወጥ ቤት ውጪ የሰማው የለም። እኛም ብንሆን ድስት እየተንተከተከ፣ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማነው።

"ድምፄ ሳጥን ውስጥ ሳይገባ እኔ ቢላዋ ሥር አልገባም" አለች። ሳጥን ያለችው ቴፕ ነው።

አባቴ ለመናት፣ ተቆጣት፣ እንደገና ለመናት። ሰባኪው መጥቶ "እግዚአብሔር እኮ የልብን ዝማሬ ይሰማል" ቢላት "እሱማ ይሰማል፤ የማትሰሙት እናንተ ናችሁ" አለችው። ጉሮሮዋ ግን ክርክር አይገባውም፣ እየጠበበ ሄደ። ስለዚህ ቴፕ መፈለግ ግድ ሆነ። ፍለጋውም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተጎልቼ ለነበርኩት ለእኔ ተሰጠ።

በዚያን ጊዜ በእኛ ከተማ ቴፕ እንደ ሙሽራ ነበር፤ ያለ ሚዜ ከቤት አይወጣም። ባለቤቱ ካልተከተለው በቀር ማንም ቴፑን አያውስም። ስለዚህ ቴፕ መረጥኩ ስትሉ የመረጣችሁት ባለቤቱን ነው፤ ጠባዩን፣ ወሬውን፣ ቡና አወዳደዱን ጭምር።

የመጀመሪያው የመንገድ ማዶው ባለሱቅ ቴፕ ነበር። ሰውየው የጉራጌ ልጅ ሆኖ ኦሮምኛን ከአባቴ አሳምሮ የሚናገር ደግ ሰው ነው። ቴፑ ሁለት ስፒከር ያለው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውል ግንድ የሚያክል ነገር ነው። በነጠላ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞት መጣ። አባቴ እህል ነጋዴ ስለሆነ ሁሉን ነገር የሚመዝነው በማንሳት ነው፤ ቴፑን አቅፎ አንዴ ወደ ላይ አደረገና "ይሄ ነው! ክብደት አለው" ብሎ ፈረደ።

ልክ ልንቀዳ ስንል መብራት ሄደ። ባለሱቁ "ችግር የለም" ብሎ ከሱቁ ያገለገለ የባትሪ ድንጋይ ለቃቅሞ አመጣና ቀዳን። አዳዳ ዓይኗን ጨፍና እየዘመረች ሁለተኛው አንጓ ላይ እንደደረሰች፣ አባቴ አላስችል ብሎት "እስቲ ያዘው እንደሆነ እንስማ" አለ። በዚያው መብራት መጣ። ቴፑ በደከመ ድንጋይ እያዘገመ የቀዳውን በመብራት ሲያጫውተው ይሮጣል ለካ። አዳዳ ዝማሬዋን አንዲት ጥርስ የምታወጣ ሕፃን ስትንጫጫው ሰማች።

"ይቺን ልጅ አስወጡልኝ!" አለች።

ባለሱቁ አፈረ፤ ድንጋይ ቀይሮ እንደሚመለስ ማለ። አዳዳ ግን አንዴ ፊቷን ካዞረች አዞረች ነው።

ሁለተኛው የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ቴፕ ነበር። ማሽኑ ጥሩ ነው አሉ፤ እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት። ግን እሱም ሚዜ ነበረው፤ የቡድኑ ኃላፊ፣ ክራቫት ሳያስር ክራቫት ያሰረ የሚመስል ካድሬ። የታሸገ ጸሎት ቤት ዘማሪ መዝሙር ለመቅዳት የካድሬ ቴፕ ስትዋስ አስቡት። አባቴ ገና ስሙን ሳነሳ "አንቺ ልጅ፣ ልታስበዪን ነው?" ብሎ ጮኸ። አዳዳ ግን ቅር አላላትም። "ይምጣ፣ እሱንም እንለውጠዋለን" አለች። እግዜር ይስጠው አባቴን፣ እምቢ ብሎ ቀረ።

የቀረን የአንድ መምህር ቴፕ ነው። መምህሩ ለነቀምቴ ቅርብ በሆነችው ጉቴ ያስተምራል፤ ጠዋት ሄጄ አገኘሁት። ቴፑ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ የተገዛ፣ ጠፍጣፋ፣ መያዣ ያለው፣ የደብተር ቦርሳ የምታክል ነገር ናት። አንድ ማይክ በገመድ፣ አንዲት የምትጫን ቀይ ቁልፍ፣ አንድ የሚዞር ቁልፍ፣ በመስታወት ውስጥ አንዲት መርፌ። መምህሩ ሲያስረዳ ይንቀጠቀጣል፣ ያን ያህል ይወዳታል። የባለሱቁ ዓይነት ቴፕ ዘፋኙ ዝቅ ሲል ራሱ ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ሲል ራሱ ዝቅ ያደርጋል፤ ዳገቱንም ሜዳውንም አንድ ያደርገዋል። ይቺ ግን ልኩን የምትነግራችሁ በመርፌዋ ነው፤ ቁልፉን የምታዞሩት እናንተ ናችሁ። ገባኝ። አባቴ ግን በኋላ ቤት ስትመጣ አነሳትና "ባዶ ናት" አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ቴፑን ይዞ መጣ። ቡናውን ጠጣ፣ ቆሎውን ጨረሰና ትእዛዝ ጀመረ። በሩ ይዘጋ። መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀል። ዶሮዎቹ ይውጡ። ደጅ አንድ ሰው ይቀመጥና መንገደኛ እንዳይጮህ ይጠብቅ፤ እሱም ራሱ ትንፍሽ እንዳይል። ዶሮዎቹን አባረርኩ፣ በሩን ጠረቀምኩ። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ የእኛን ሰፈር እወቁልኝ። በር ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፣ ከብት ሲገባ ይዘጋል። በጠራራ ፀሐይ የተዘጋ በር፣ መስኮት ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ ደጅ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ ወንድም፣ ይሄ ሁሉ በእኛ ዘንድ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደግሞ አዳዳ መታመሟን የማያውቅ የለም።

መጀመሪያ ያለፈችው የወሎዋ ጎረቤታችን ናት። በዶሮ የተነሳ ከአዳዳ ጋር ተኳርፈው ከፋሲካ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። "ምነው? ምን ሆናችሁ?" ብላ አባቴን ጠየቀችው። አባቴ ትንፍሽ እንዳይል ታዟል። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ከውስጥ በብርድ ልብስ የታፈነ መዝሙር ይሰማል። ሴትዮዋ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልግ?

እኛ ውስጥ ምንም አናውቅም። አዳዳ እንደዚያ ቀን ዘምራ አታውቅም። መርፌዋ ከፍ ዝቅ ትላለች፣ መምህሩ ቁልፉን በሁለት ጣት ይዞ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፣ እኔ ማልቀስ አምሮኝ ከንፈሬን ነክሻለሁ። የመጨረሻውን አንጓ ልትጀምር አየር ስትስብ በሩ ተበረገደና ሰፈሩ በሙሉ እየጮኸ ገባ።

ካሴቱ ላይ ሁሉም አለ። "ዋዮ! ዋዮ!" የሚሉት የኦሮሞዎቹ ሴቶች አሉ። "እትዬ! እትዬ!" የሚለው ባለሱቁ አለ። ከሁሉም በላይ "እኔን ይድፋኝ! ምነው ሳንታረቅ!" የምትለው የወሎዋ አለች። ከዚያ በመሃል የአዳዳ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፦

"አካም ጅርቱ? ሴና፣ ሴና፣ ግቡ እንጂ! ምን ሆናችሁ ነው? ማን ሞተ?"

ከዚያ የወሎዋ፦ "አንቺ ነሻ!"

መምህሩ ተናደደ፤ ሰውን ሁሉ አስወጥተን እንደገና እንቅዳ አለ። ማን ይወጣል? ሊያለቅሱ የመጡት ሁሉ ቁጭ ብለዋል፣ ቡና ይፈላል፣ አባቴ ደጅ ስለነበረው ነገር ሲጠየቅ "እኔ ታዘዝኩ እንጂ አላለቀስኩም" ይላል። አዳዳ "አጫውተው" አለች። ለቅሶዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማችው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ታስቆመዋለች። "ይቺ ማናት? መልሰው እስቲ። ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ሳል?" የልብ ጓደኛዋ ናት፣ እዚያው ተቀምጣ ፊቷ ቀላ። የወሎዋ ጩኸት ሲደርስ ግን አዳዳ ተነሳችና ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፣ እጇን ያዘቻት።

"በቃ፣ እሄዳለሁ" አለች ወደ አባቴ ዞራ። "የሚያለቅስልኝ እንዳለ ሰማሁ። መጨረሻውን ስመለስ እጨርሰዋለሁ።"

መምህሩ "እማማ፣ አሁን ቢጨርሱት..." ሲል በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። ልክ ነበረ እኮ፤ የተናደድኩትም ለዚያ ነው። ግን እሺ ያለችበትን ሰዓት ማን ያሳልፋል? ሰኞ አውቶቡስ ላይ አሳፈርናት። አባቴ አብሯት ሄደ። አውቶቡሱ አኖ ከተማ ለቁርስ ሲቆም ወርዳ በልታ፣ በሹፌሩ ስትስቅ ነበር አለ።

ተመልሳ ስትመጣ አንገቷ ላይ እንቅርቱ የለም፤ በቦታው ቀጭን ጠባሳ አለ። ጋደም ስትል ጉሮሮዋ አያፏጭም። ከአውቶቡሱ ወርዳ አቀፈችኝና አንድ ነገር ተናገረች፣ አልሰማኋትም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። "ዶሮዎቼስ?" ነበር ያለችው። ከድምፅዋ የቀረው ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን ያህል ነው። ወጥ ቤት ገብቼ አነባሁ፣ ምን እደብቃለሁ?

ሳምንታት ጠብቀን አልተመለሰም። አንድ ቀን "መምህሩን ጥሪልኝ" አለች። መጣ። ብርድ ልብስ ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። በሩም እንዲዘጋ አልፈቀደችም፤ "እንደገና ልትገድሉኝ ነው?" አለች። ቀዩን ቁልፍ ተጫነ፤ እሷም የመጨረሻውን አንጓ ጀመረች። መርፌዋ አልተነሳችም። መምህሩ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው። መርፌዋ ከሥር ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ በቃ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አዳዳ ግን ስንኝ በስንኝ እየለቀመች ሄደች፣ አንድ ስንኝ ብቻ ሲቀራት የወሎዋ በደጅ አለፈችና፣ ከታረቁ ወዲህ እንደምታደርገው፣ በሙሉ ጉሮሮዋ "አካም ጅርቱ!" ብላ ሰላምታ ሰጠች። አዳዳ መዝሙሩን ትታ "ነጋ፣ ደህና ነኝ! ሴና፣ ግቢ!" አለቻት።

"እማማ፣ አንድ ስንኝ እኮ ነበር የቀረን!" አለ መምህሩ።

"ሰው ደጄ ቆሞ ስንኝ ልቁጠር?" አለችው።

ያቺ ስንኝ እንደቀረች ቀረች። በኋላ ብንጠይቃትም "ረሳሁት" ትል ነበር፣ ውሸቷን ነው።

አዳዳ አሁን የለችም። ካሴቱ እኔ ጋ ነው። የመጀመሪያውን አንጓ ሳዳምጥ ቴፑን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ቤቱን ስለምትሞላው። የመጨረሻው ላይ ስደርስ እስከ ጥግ ከፍ አድርጌ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ እለጥፋለሁ፤ ሹክሹክታው ውስጥ ቃሉን አንድ በአንድ እፈልጋለሁ። ከዚያ የወሎዋ "አካም ጅርቱ!" ብላ ጆሮዬን ትበሳዋለች። እንደምትመጣ እያወቅኩ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ። ሰላምታ ነውና እኔም ከአዳዳ ጋር አብሬ "ነጋ!" እላታለሁ።