ማላዊ ማን ናት?

የያዙኝ ሐይቅ ከተማ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው በትሕትና፣ «መምህር፣ ለአንድ ጥያቄ ፈልገንዎት ነበር» አለኝ። ከክፍል መውጣቴ ስለነበረ እጄ በጠመኔ ብናኝ ነጥቷል። ልታጠብ ብዬ ጠየቅሁት። «ቶሎ ይመለሳሉ፤ እዚያው ይታጠባሉ» አለኝ። ቶሎ የሚመለስ ሰው እዚያ ምን ያስታጥበዋል ብዬ ያሰብኩት ፒካፑ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ወደ ከተማው ጣቢያ የሚወስዱኝ መስሎኝ ነበር። መኪናው ግን ጣቢያውን አልፎ የወልድያን መንገድ ያዘ። ሐይቁ ከኋላችን ቀረ፤ የአምባሰል ተራሮች እየቀረቡ መጡ።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ውጫሌ።»

«እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ። ውጫሌ ምን አለኝ?»

«እኛም የታዘዝነውን ነው» አለ ያው ትሑቱ ሰውዬ። ፊቱን አየሁት፤ ከልቡ ግራ የገባው ይመስላል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ወቅት ነበር። ሰው ይያዛል፣ ሰው ይለቀቃል፤ በሁለቱ መካከል ምን እንደሚሆን ግን የሚያስረዳ አልነበረም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ነው። በሩ ሲከፈት ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። በወለሉ ሲሚንቶ ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ የዩሪያ ፍሬዎች ቀርተዋል። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ሥር ሽቦ የተወጠረበት ክፍተት አለ፤ በዚያ በኩል የመናኸሪያው ረዳቶች ጩኸት ይገባል። «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው ብቻ!» ይላሉ። ያ የጎደለው አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይገኝ ይውላል።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። አንደኛው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የኔታ እንላቸው ነበር። የተሰበረ መነጽራቸውን ሊያሠሩ ከተማ ወጥተው ሳይሠራላቸው ሲመለሱ መታወቂያ ተጠየቁ፤ አልያዙም ነበር። ሁለተኛው ከሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች እየተረከበ እስከ ውጫሌ እያመጣ የሚሸጥ ጎልማሳ ሙስሊም ነው።

«አብሽር መምህር» አለኝ ዓሣ ነጋዴው፣ ጠጋ ብሎ ቦታ እየሰጠኝ። «በምንድን ነው?»

«አላወቅሁም።»

«ማሻአላህ! እኛም እንደሱ ነን። እኔን እንኳ ‹ለማን ሸጥክ› ነው የሚሉኝ። ዓሣ የገዛኝን ሁሉ መታወቂያ አምጣ ልበለው? ወላሂ፣ ሰው ዓሣውን ያገላብጣል እንጂ ስሙን አይነግርህም።»

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ዕድሜው ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ ጋር እኩል ይሆናል። አንተ ልበለው አንቱ ልበለው ግራ ገባኝ። በሁለቱም ሳልጠራው ለማውራት ወሰንኩ፤ በአማርኛ ይህ ቀላል አይደለም።

ፊቱ ያለውን ወረቀት አየት አደረገና፣ «ማላዊ ማን ናት?» አለኝ።

«ማን ናት?»

«ጥያቄን በጥያቄ አትመልስ። ማላዊ ማን ናት?»

«አገር ናት። ደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ያለች፣ የባሕር በር የሌላት አገር።»

«የባሕር በር የሌላት» ብሎ ደገመና ጻፈ። «ቀጥል።»

ግራ ሲገባኝ ማስተማር ይቀለኛል። ቀጠልኩ። ታንዛኒያ፣ ዛምቢያና ሞዛምቢክ እንደሚያዋስኗት፣ ከግዛቷ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውኃ እንደሆነ ነገርኩት። ሕዝቧ በአብዛኛው ገበሬ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ በብዛት የምታገኘው ከትምባሆ ነው፤ ሻይና ስኳርም ትሸጣለች። ዕቃዋ የሚገባውና የሚወጣው በሰው ወደብ ነው፤ የወደቡ ክፍያና የመንገዱ ርዝመት ተደምሮ ሁሉን ነገር ያስወድድባታል።

«የወደብ ክፍያ» ብሎ ጻፈ። «መንግሥቷስ?»

«ፕሬዚዳንት አላት፤ ምክር ቤት አላት። ዋና ከተማዋ ሊሎንግዌ ነው።»

«ሊሎ…?»

ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኩት። ጻፈ።

«ፍርድ ቤቷስ?»

ነገሩ ከየት እንደመጣ የገመትኩት ያን ጊዜ ነው። «አንድ ወቅት ፍርድ ቤቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰርዟል። ምርጫው ተደገመ፤ ሥልጣን ላይ የነበረው ተሸነፈና ለቀቀ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጥሩ። አሁን እየተግባባን ነው። ይህን ለልጆች ስትነግር ማንን ማለትህ ነው?»

«ማላዊን።»

«መምህር» አለኝ፤ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። «እኔ ሞኝ አይደለሁም። ባሕር የላትም፤ ሐይቅ አላት፤ ሕዝቧ ገበሬ ነው፤ ለወደብ ትከፍላለች። ይቺ ማን ናት?»

«ወደብ የሌላቸው አገሮች ይመሳሰላሉ። ትምህርቱም ስለዚያ ነው።»

«ታዲያ ስለ ራሳችን በቀጥታ ለምን አላስተማርክም?»

በቀጥታ ባስተምር ኖሮ አልመጣም ነበር ወይ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

ወረቀቱን አነበበልኝ። መምህሩ ማላዊ በሚል ሽፋን መንግሥት በፍርድ ቤት እንዲሻር ተማሪዎችን ቀስቅሷል፤ አገሪቱ ተከባለች፣ ወጥመድ ውስጥ ናት ብሏል ይላል። «ተከባለች» የሚለው የኔ ቃል ነው፤ ካርታ ላይ ድንበር ሳሳይ ያልኩት ነው። «ወጥመድ» ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሲነበብልኝ የራሴን ድምፅ ሌላ ክፍል ውስጥ የምሰማ መሰለኝ።

«ቀላል ነው» አለኝ። «‹ማላዊ ያልኩት አገራችንን ነው፤ ተሳስቻለሁ› ብለህ ትፈርማለህ። ምክር ይሰጥህና ቤትህ ትገባለህ። አለዚያ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ ከሄደ ደግሞ እኔ አላውቅም። እስከ ከሰዓት አስብበት።»

የዓሣ ነጋዴው እኅት ውጫሌ ስለምትኖር ምሳ ታስገባለት ነበር። የዚያን ዕለት ሽሮ ስለሆነ ሦስታችንም ከአንድ ሰሃን በላን። እየበላን የሆነውን ነገርኳቸው።

«ቆይ» አለ ዓሣ ነጋዴው። «ሐይቅ አላት አልክ? ዓሣስ አለው?»

«ብዙ ነበረው። አሁን አለመጠን እየተጠመደ ቀንሷል ይላሉ።»

«ሱብሐነላህ! መምህር፣ ይቺ እኛው ነን! እንኳን መርማሪው፣ እኔም ጠረጠርኩህ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መሃል ላይ ቆመ። መማሪያ መጽሐፉ በምሳሌነት ያቀረበው ሌላ ወደብ የሌለው አገር ነበር። እኔ ማላዊን የመረጥኩት ልጆቹ ሐይቅ ዳር ያደጉ ስለሆኑ ሐይቅ ያላት አገር ትቀርባቸዋለች ብዬ ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስለ ፍርድ ቤቱ ስናገር ልቤ የት ነበር? ለማስታወስ ሞከርኩ። ምርጫው ተሰረዘ ስል ክፍሉ ጸጥ ማለቱ ትዝ ይለኛል፤ ጸጥታው ደስ ብሎኝ እንደነበርም ትዝ ይለኛል። ከዚያ ያለፈውን ማወቅ አቃተኝ። ጠዋት በሙሉ ልብ ያልኩትን ነገር ምሳ ላይ መጠራጠር ጀመርኩ።

የኔታ እጃቸውን ጠራርገው፣ «እንግዲህ አንተ ሰም ነው ትላለህ፤ እሱ ወርቅ አለው ይላል» አሉ።

«ወርቅ የለውም፣ የኔታ።»

«ቅኔ ቤት አዲስ የገባ ተማሪ፣ ሰምና ወርቅ የተማረ ሰሞን፣ ‹እንደምን አደርህ› ብትለው ወርቁን ይፈልጋል። ቆይቶ ይተወዋል። ያ ልጅ ገና አዲስ ነው።»

«እስኪበስል ድረስ ግን እኔ እዚህ ነኝ።»

«እሱስ» አሉ። «እኔም አለሁ።»

ትንሽ ቆይቼ፣ «ልፈርም ይሆን?» አልኳቸው።

«ሚስት አለችህ?»

«አለች። ሁለት ልጆችም አሉኝ።»

መነጽራቸው አንድ ዓይኑ መስተዋት ስለሌለው ሲያዩኝ አንደኛው ዓይናቸው ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ይመስል ነበር። «ብትፈርም የሚፈርድብህ የለም፣ ልጄ። እኔ የምፈራልህ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንዴ ከፈረምህ ነገ ስለ ዝናብ ብታስተምር ‹ዝናቡ ማን ነው› ይሉሃል።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ፊት ስቆም፣ «ማላዊ ማላዊ ናት» አልኩ። እንደጠበቅሁት አልጮኸብኝም። ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል።

«እሺ፣ እሱን ተወው» አለ። «ሌላ መንገድ አለ። ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ ተማሪ ተነስቶ ‹እኛስ ጋ?› ብሎ ጠይቋል። ማን ነው? ስሙን ንገረኝ። አንተ ተጠርጣሪ መሆንህ ይቀርና ምስክር ትሆናለህ።»

ጠያቂዋ ሴት ናት። ይህን እንኳ አያውቁም። ከሐይቁ ማዶ ካለ ቀበሌ በእግሯ የምትመጣ፣ መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማሁት ልጅ ናት። ያን ቀን እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ እኛስ ጋ ፍርድ ቤት እንደዚያ ማድረግ ይችላል?» አለች። «ይህን የሥነ ዜጋ መምህራችሁን ጠይቁ» አልኩ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ ደወሉም ተደወለ። አባቷ ከአንድ ዓመት በፊት እንደሞተና እናቷ ብቻዋን እንደምታሳድጋት አውቃለሁ። አንዲት የገጠር ልጅ ወደዚህ ክፍል ስትገባ፣ «ከጀርባሽ ማን አለ?» ስትባል፣ ጥያቄው ራሱ እንደማይገባት አሰብኩ።

«ጠያቂው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ትምህርት ስጨርስ ራሴ እጠይቃለሁ፤ የማስተማር ዘዴ ነው። ‹እኛስ ጋ› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ወረቀቱ ተማሪ ነው የሚለው።»

«የጻፈው ሰው ተሳስቷል። በማላዊም ተሳስቷል።»

ብዙ አየኝ። ያላመነኝ መሆኑን አየሁ። «ይህ እንደሚብስብህ ታውቃለህ አይደል?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ማስፈራራት አልነበረም፤ የሚለምነኝም ይመስል ነበር።

«ጻፍ» አልኩት።

ጻፈ። እንድፈርም ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። ጠዋት አንዲት እውነት እንዳትዛባ ስከራከር ውዬ፣ ከሰዓት አውቄ የተናገርኩት ውሸት ሥር ስሜን ጻፍኩ። «ጻፍ» ስለው አንተ እንዳልኩት ትዝ ያለኝ ክፍላችን ከገባሁ በኋላ ነው።

ዓሣ ነጋዴው፣ «ፈረምክ?» አለኝ።

«ፈረምኩ።»

«ያ ኸይር። ስለ ማላዊ?»

«አይደለም። ስለ ሌላ ነገር።»

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። ወገባቸውን ያመቻቹበት የነበረውን የታጠፈ ማዳበሪያ አውጥተው ከግድግዳው በኩል፣ እኔ በምደገፍበት ቦታ አደረጉልኝ።

ከዚያ በኋላ መርማሪውን አላየሁትም። ጉዳዬ ወደ ላይ ሄዶ እንደሆነ፣ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። መጀመሪያ የኔታን አስወጧቸው፤ ቀጥሎ ዓሣ ነጋዴውን። ሌሎች ገቡ፣ ወጡ። ክረምቱ ገብቶ ቆርቆሮው በዝናብ መጮህ ከጀመረ በኋላ አንድ ጠዋት አንድ ጠባቂ በሩን ከፍቶ፣ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለኝ። ዕቃ የለኝም አልኩት። «እንግዲያው ዝም ብለህ ውጣ» አለኝ። ለምን እንደያዙኝ በወጉ ያልነገሩኝ ሰዎች ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም።

ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ያንን ወረቀት የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት በየጠዋቱ ሰላም የምለው የሥራ ባልደረባ ነው፤ ምናልባት ያን ጊዜ ልጅ የነበረ፣ የሰማውን ለቤተሰቡ ሲያወራ ሌላ ሰው ጆሮ የገባበት ተማሪ ነው። መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን እመረምር ነበር። መመርመር ስጀምር ሁሉም ይመስሉኝ ጀመር። ራሴን ስጠይቅ ደግሞ ያቺ የምሳ ሰዓት ጥያቄ አሁንም መልስ የላትም፤ ያን ቀን ስለ ማላዊ ብቻ ነበር ወይ የማወራው? አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን እንጃ።

ባለፈው ክረምት ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ከሩቅ እየሮጠች መጥታ ሰላም አለችኝ። ወዲያው ነው ያወቅኋት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፋርማሲ ታጠናለች፤ እናቷን ለማየት ለዕረፍት መጥታለች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ድምፅዋም ጨምሯል።

«ቲቸር» አለችኝ፣ ስለ ጤናዬና ስለ ልጆቼ ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ፣ «ያኔ ግን በምን ምክንያት ነበር የያዙዎት? ክፍል ውስጥ ብዙ ይወራ ነበር። አንዳንዱ በመሬት ጉዳይ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ከሌላ ሰው ጋር በስም ተሳስተው ነው ይላል።»

ዓይኗን አየሁ። የምታውቀው ነገር የለም።

«እኔም እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም» አልኳት።

ከግማሽ በላይ እውነት ነው። አመነችኝና፣ የመድኃኒት ስም መሸምደድ እንዴት እንደሚያስቸግራት ትነግረኝ ጀመር።