ገሊላ ቤት ስትጠብቅ

ጌታነሽ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ የበግ ጠጉር በመፍተል የምትታወቅ ሴት ናት። አምና መምህር አንዷለም ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ ቆይተው የእጅ ሥራ ሊማሩ ነውና ወላጆችም እንዲያግዙ ለመናት። ፊደል ስላልቆጠረች መጀመሪያ አፍራ ነበር፤ ልጆቹ «መምህርት» ብለው ሲጠሯት ግን ሐፍረቱ ለቀቃት። እንዝርት አያያዝ ታሳያቸዋለች፣ ተረት ታወራላቸዋለች፤ እነሱም ቶሎ አይለቋትም።

እሷ ስትሄድ ታዲያ ቤት የሚቀር ሰው ያስፈልጋል። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ገሊላ ደወል ሲደወል እየሮጠች መጥታ ሕፃን ወንድሟን ትረከባለች። ውሃ የምትቀዳውም በጎቹን የምታስገባውም እሷ ናት። ደብተር የምትገልጥበት ጊዜ አልነበራትም። ሰኔ ላይ ፈተና ወደቀች።

አባቷ መኳንንት ብዙ አልተናገረም። «ትምህርቱ ካልሆነላት ምን ይደረግ? ደብረ ብርሃን እህቴ ጋ ትሂድ፤ በሥራ ታግዛታለች» አለ። ጌታነሽ አለቀሰች፣ ለመነች፤ አልሰማትም።

መናኸሪያ ቆመው መኪና ሲጠብቁ ልጇን «ለምን አልነገርሽኝም? እቀር አልነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ልጆቹ ስላንቺ ሲያወሩ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንድትቀሪ አልፈለግሁም» አለች ገሊላ።

ጌታነሽ ነጠላዋን አውልቃ ልጇን አለበሰቻት። መኪናው ከሄደ በኋላ ሕፃኑን አዝላ ተመለሰች። ትምህርት ቤቱ ጋ ስትቃረብ መንገዱን ትታ በገብሱ ማሳ ዳር ዞራ አለፈች።